የጥንት ጠመንጃ ልብሱና ዝገቱ

በሀገራችን በብዙ ቤት፥ በተለይም አባት ወይም አያት በጦር ሜዳ በዋለበት ቤት፥ ከግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም ከአልጋ ሥር የተጋደመ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ይገኛል። ጥይቱ ካለቀ፥ ባለቤቱም ካረፈ ብዙ ዘመን አልፏል። ይሁን እንጂ የካቲት 23 ቀን ሲቃረብ ከቤቱ ልጆች አንዱ ጠመንጃውን ያወርድና መወልወል ይጀምራል። በምን እንደሚወለውለው ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም፤ አመዱንም፥ ሎሚውንም፥ የብርጭቆ ወረቀቱንም ሁላችን እናውቀዋለንና። ብረቱ እንደ መስተዋት ፊትን ሲያሳይ ሥራው ተፈጸመ ይባላል፤ ልጁም ይመረቃል።

እኛም ይህን ምርቃት ተቀብለናል። በዚያን ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርን። ስለዚህ ቀጥለን የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በገዛ እጃችን ያጠፋነው ነገር ምን እንደ ነበረ ከብዙ ዓመት በኋላ በንባብ ስለ ተረዳን ነው። ከብረቱ ላይ ጠርገን ያነሣነው ጥቁር ነገር እድፍ አልነበረም፤ ሠሪው ብዙ ቀን ደክሞ ያለበሰው ልብስ ነበር። ከልብሱም ጋራ የጠመንጃውን የትውልድ ታሪክ አብረን ጠርገነዋል።

ይህ ልብስ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ጠመንጃዎቹ ወደ ተሠሩበት አገር መሄድ ግድ ይሆናል። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ከገባው ጠመንጃ የሚበዛው የተሠራው በእንግሊዝ በበርሚንግሃምና በኤንፊልድ፥ በቤልጅግ በሊዬዥ፥ በፈረንሳይ በሴንት ኤቲየን፥ በኢጣልያም በቶሪኖ፥ በብሬሻና በቶሬ አኑንዚያታ ነው። የውጭውን አገር ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ የራሳችንን ግን እንደ ራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ወታደር የሚይዘው ጠመንጃ አፈሙዙ ነጭ ነበረ፤ ማለት ብረቱ ምንም ሳይለብስ እንዲያው የተወለወለ ነበረ። የጦር አለቆች ሰልፍ በሚያዩበት ጊዜ የጠመንጃው ረድፍ በፀሐይ እንዲያብለጨልጭ ይወዱ ነበር። ወታደሩም የጡብ ዱቄት በዘይት እየለወሰ ሲፈገፍግ ይውላል። ራቁቱን የቀረ ብረት ግን አንድ ሌሊት ጤዛ ቢያገኘው ይዝጋል፤ የዛገውን ደግሞ ማለዳ መፈግፈግ ነው፤ በተፈገፈገ ቁጥር ብረቱ ይሳሳል። ከዚህም በላይ የሚያብለጨልጭ አፈሙዝ ለጠላት ከሩቅ ይታያል፤ ሲያነጣጥሩበትም የፀሐዩ ነጸብራቅ ዓይን ይወጋል። አዳኞችና አልሞ ተኳሾች ይህን ቀድመው ስላወቁ ጠመንጃቸው እንዲጠቁር ያደርጉ ነበር። በ1800 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ አልሞ ተኳሾች የተሰጠው ቤከር የተባለው ጠመንጃ ገና ከሥራው ቡናማ ልብስ የለበሰ ነበር፤ የቀረው እግረኛ ጦር ጠመንጃ ቡናማ እንዲሆን የታዘዘው በ1815 ገደማ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ጦር ግን ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ስፕሪንግፊልድ የተባለውን ጠመንጃውን ነጭ አድርጎ ይዞት ነበር። አንድ ልማድ በሰልፍ ሜዳ ካማረ በጦር ሜዳ ቢጎዳም ቶሎ አይለቅም።

ቡናማው ልብስ እንዴት እንደሚሠራ ስናነብ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን አንድ ነገር ነው። ሠሪዎቹ ብረትን ከዝገት ለማዳን ያገኙት ዘዴ ብረቱን ራሱን ማዛግ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፈሙዙ በመጀመሪያ በጥንቃቄ ይለሰልሳል። ከዚያ የቅባት ዘር እንዳይቀርበት በኖራ ይታሻል። ከዚያ በኋላ እጅ አይነካውም፤ የጣት ወዝ ያረፈበት ቦታ ልብሱን አይቀበልምና፥ በሁለቱም ጫፍ የእንጨት ውታፍ ተሰክቶ የሚያዘው በውታፉ ነው። ቀጥሎ የሚያዛግ ውሃ በጨርቅ በስሱ ይቀቡታል። በውሃው ውስጥ የናይትሪክ አሲድ፥ ሰማያዊው የመዳብ ጨው፥ የብረት ጨው፥ አንዳንድ ጊዜም የባዜቃ ጨው ይገባበታል። እያንዳንዱ ሠሪ የራሱ ቅመማ ነበረው፤ የኛ ባለ መድኃኒት ሥሩንና ቅጠሉን እንደሚደብቅ ሁሉ እነርሱም ቅመማቸውን ይደብቁ ነበር። (ጉዳዩ መርዝ መሆኑን እዚህ ላይ እናሳስባለን፤ እቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።) የተቀባውን አፈሙዝ እርጥበት ባለበት ክፍል ያሳድሩታል። በማግሥቱ ብረቱ ላይ ቀይ ዱቄት የመሰለ ዝገት ወጥቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ቀጭን ሽቦ ባለው ብሩሽ ያራግፉታል፤ ልሙ ዝገት ይረግፋል፥ ከብረቱ ጋራ የተጣበቀው ስስ ሽፋን ግን ይቀራል። እንደገና ይቀቡታል፤ እንደገና ያሳድሩታል፤ እንደገና ያራግፉታል። ስድስት ጊዜ፥ ስምንት ጊዜ፥ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይመላለሳል። በመጨረሻ አሲዱ እንዲሞት በፈላ ውሃ ይታጠብና ገና ትኩስ ሳለ ዘይት ወይም ሰም ይጠጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሳምንት ቢያልፍ አያስደንቅም።

በያንዳንዱ ቀን ከማራገፋቸው በፊት አፈሙዙን በንጹሕ ውሃ የቀቀሉት እንደ ሆነ ደግሞ ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁርነት ይለወጣል። ሁለቱም ዝገት የብረትና የኦክሲጅን ውሕድ ናቸው፤ ጠባያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ቀዩ ውሃ የያዘ፥ ልምና ቀዳዳ የበዛበት ስለ ሆነ እርጥበትን እየሳበ ወደ ውስጥ ይበላል። ጥቁሩ ግን ጥቅጥቅ ብሎ ከብረቱ ጋራ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ዘይትንም አጥብቆ ይይዛል። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በጥሩ ጠመንጃዎች ላይ የምናየው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። ውፍረቱ ከሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ እጅ አይበልጥም፤ የሰው ፀጉር ከዚያ በብዙ እጅ ይወፍራል። እንግዲህ አንድ ሳምንት የተደከመበትን ይህን ልብስ የብርጭቆ ወረቀት በስንት እንቅስቃሴ እንደሚገፈው አንባቢ ራሱ ይገምት። እኛ እንደምናስታውሰው አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም።

ሌሎችም የልብስ ዓይነቶች ነበሩ። ትንንሾቹን ብረቶች፥ ብሎኑንና ምላጩን፥ በእሳት ብቻ ሰማያዊ ያደርጓቸው ነበር። የተወለወለ አረብ ብረት ሲሞቅ መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ፥ ቀጥሎ ቡናማ፥ ከዚያ ሐምራዊ፥ ወደ 300 ዲግሪ ሲደርስም ሰማያዊ ይሆናል፤ ሠሪው የሚፈልገው ቀለም ላይ ሲደርስ ከእሳቱ ያወጣዋል። ከዚህ የሚያስቸግረው ደግሞ የቃታው ጎን ብረት ነው። ይህ ብረት ልስልስ ስለ ነበር ከአጥንትና ከቆዳ ከሰል ጋራ በብረት ሣጥን ታሽጎ፥ እስኪቀላ ድረስ ለብዙ ሰዓት እሳት ውስጥ ይቆይና በድንገት ውሃ ውስጥ ይጣላል። ካርቦኑ ወደ ብረቱ ቆዳ ስለሚገባ ቆዳው ይጠነክራል፤ ፊቱም ሰማያዊ፥ ቡናማና ግራጫ ቀለም እንደ ደመና የተዘበራረቀበት ይሆናል። ይህ ደመና አንድ ጊዜ ከተፋቀ ያለ እሳት አይመለስም፤ በእሳት እመልሰዋለሁ የሚልም ብረቱን ሊያጣምመው ይችላል።

በቤልጅግ በቬስድር ወንዝ ሸለቆ የነበሩት የአፈሙዝ ሠሪዎች ደግሞ የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎችን እንደ ገመድ ገምደው፥ አንድ ላይ ቀጥቅጠው አፈሙዝ ያወጡ ነበር። ይህም የደማስቆ አፈሙዝ ይባላል። የሚያዛግ ውሃ ሲቀቡት ብረቱና አረብ ብረቱ እኩል ስለማይዝጉ የግምዱ ሐረግ እንደ ብራና ላይ ሐረግ ተስሎ ይወጣል። ሲወለወል ሐረጉ ይጠፋል፤ ነጭ ቱቦ ብቻ ይቀራል።

ይህ ጥፋት የኛ ብቻ አይደለም። በሎንዶን ግንብ የእንግሊዝ ነገሥታት የብረት ልብስና መሣሪያ ሲጠበቅ ኖሯል። ከመካከሉ ብዙው ሲሠራ ሰማያዊና ጥቁር፥ አንዳንዱም በወርቅ የተለበጠ ነበር። ነገር ግን በየዘመኑ የተሾሙ ጠባቂዎች ለተመልካች እንዲያምር በማለት በጡብ ዱቄትና በዘይት እየፈገፈጉ ነጭ አደረጉት። ከዚህ የተነሣ የአውሮፓ ሕዝብ ራሱ የጥንት ባላባት ሲታሰበው የሚታየው እንደ ብር የሚያብለጨልጭ የብረት ልብስ ነው። የተማሩ ሰዎች፥ ደመወዝ እየተከፈላቸው፥ በንጉሥ ግምጃ ቤት ያደረጉት ነገር ከሆነ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቢያደርገው ጥቂት ይቅርታ ሳይገባው አይቀርም።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው አዲሱን ስናይደር ጠመንጃ ነበር። ይህን መሣሪያ እንግሊዞች የተቀበሉት በ1866 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ በተደረገው ውጊያ ኃይሉ ታየ። ናፒየር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ፥ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ለተባሉት፥ ስምንት መቶ ያህል ጠመንጃና ዐሥራ ሁለት መድፍ ትቶላቸው ሄደ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ረሚንግተን የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ በብዛት ተማረከ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ መጣ። ይህ ሰው ከታጁራ ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፥ ዕቃው ከአገልግሎት ከወጣ አርባ ዓመት የሆነው አሮጌ ጠመንጃ መሆኑን፥ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ በሰባትና በስምንት ፍራንክ እንደሚገዛና ለንጉሡ በአርባ ፍራንክ እንደሚሸጥ ሳያፍር ገልጧል። በመጨረሻም በአድዋ ድል ዐሥራ አንድ ሺህ ያህል ጠመንጃና 56 መድፍ ተማረከ። የኢጣልያ ወታደር የያዘው በአብዛኛው ቬተርሊ ነበር።

ሕዝባችንም እነዚህን ሁሉ በራሱ አንደበት አስተካክሎ ስም አወጣላቸው። ሰናድር የስናይደር፥ ምንሽር የኦስትሪያው የማንሊከር፥ ለበን የፈረንሳዩ የለበል ስም ነው። ውጅግራ ደግሞ በፈረንሳይ ቋንቋ «ፉዚ ግራ»፥ ማለት የግራ ጠመንጃ፥ ከሚለው የመጣ ነው፤ ባዚል ግራ መሣሪያውን ያወጣው የጦር መኰንን ስም ነው።

ነገር ግን ስሙ ብቻ የጠመንጃውን ታሪክ አይነግርም። የሚነግረው በብረቱ ላይ የተቀረጸው ጽሕፈትና የተመታው ማኅተም ነው። ለምሳሌ በአንድ ሰናድር የቃታ ጎን ብረት ላይ 1862 የሚል ዘመን ቢነበብ፥ ስናይደር ገና በአራት ዓመት ስለሚዘገይ፥ ያ ጠመንጃ መጀመሪያ በአፈሙዙ ጫፍ የሚጎርስ ኤንፊልድ እንደ ነበርና ኋላ ተቆርጦ እንደ ተለወጠ ይታወቃል። በቬተርሊም ላይ የተሠራበት ከተማና ዓመት ተጽፎ ይገኛል። የውጅግራ ነገር ከዚህ ይልቅ ያስገርማል። ፈረንሳዮች ግራን በ1874 እ.ኤ.አ. ሲቀበሉ ሻስፖ የተባለውን የ1866 ጠመንጃቸውን አልጣሉትም፤ አብዛኛውን ለብረት ቀለህ እንዲስማማ አድርገው ለወጡት። ስለዚህ በማጉረሻው ብረት በግራ ጎን «የ1874 ዓይነት» የሚል ቢገኝ ጠመንጃው አዲስ ሆኖ የተሠራ ነው፤ «የ1866-74» የሚል ቢገኝ ግን የተለወጠ ሻስፖ ነው። ከላዩ «ንጉሠ ነገሥታዊ ፋብሪካ» የሚል የፈረንሳይ ቃል ያለበት እንደ ሆነም የተሠራው ናፖሊዮን ሣልሳዊ በ1870 ከዙፋኑ ሳይወርድ በፊት ነው። ይህን ሁሉ የሚለየው በቀጭን እጅ ጽሕፈት የተቀረጸ፥ ጥልቀቱ ከጥፍር ጭረት የማይበልጥ መስመር ነው።

በሊዬዥም አንድ ማኅተም አለ። በዚያ ከተማ የጠመንጃ መመርመሪያ ከ1672 ጀምሮ ነበረ፤ የተመረመረው አፈሙዝ ሁሉ ኢ፥ ኤል፥ ጂ የተባሉ ሦስት የላቲን ፊደላት በሞላላ ክብ ውስጥ ይመታበታል። ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ሞላላ ላይ ትንሽ ዘውድ ተጨመረ። ዘውዱ ከምስር ፍሬ ያነሰ ነው። ሆኖም አንድ ጠመንጃ ከ1893 በፊት ወይስ በኋላ በሊዬዥ እጅ እንዳለፈ የሚመሰክር ይኸው ነው፤ 1893 ደግሞ ከአድዋ በፊት ሦስተኛው ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል።

እነዚህን ማኅተሞች ሁለት ጠላቶች ያጠፏቸዋል፤ ዝገትና ፈግፋጊ። ዝገቱ ከየት እንደሚመጣ ብዙ ሰው በትክክል አያውቅም። ጥቁር ባሩድ ከመቶ 75 እጅ ጨው ጴጥሮስ፥ 15 እጅ ከሰል፥ 10 እጅ ድኝ ነው። ሲተኮስ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጋዝ አይለወጥም፤ ከዚህም ከፊሉ ጥላሸትና ጨው ሆኖ አፈሙዙ ውስጥ ይቀራል፤ ጨውም ከአየር ውሃ ይስባል። ኋላ የመጡት ጥይቶች ደግሞ በመቀጣጠያቸው ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ነገር ስለ ነበረ፥ ሲተኮስ ከገበታ ጨው ጠባዩ የማይለይ ጨው ይተዋሉ። ይህ ጨው በዘይት አይሟሟም። ዘይት ብቻ ቀብቶ የሚያስቀምጥ ሰው ጨውን ከዘይት ሥር ይቀብረዋል እንጂ አያስወጣውም። የቀድሞ ወታደሮች አፈሙዛቸውን በፈላ ውሃ ያጥቡ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ውሃ ብረትን ያዝጋል ብሎ የሚፈራው የኛ ሰው ግን ይህን ሲሰማ አያምንም። የፈላ ውሃ ጨውን አሟሙቶ ይወስዳል፤ ብረቱም ስለሚግል ቶሎ ይደርቃል፤ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ልባሱም የዝገት ምክንያት ነው። አባቶቻችን ጠመንጃን ከአቧራ ለመጠበቅ በቆዳ ልባስ ያለብሱት ነበር፤ በዘመቻ ጊዜ ይህ ትክክለኛ ዘዴ ነው። ለብዙ ዓመት ከልባሱ ሳይወጣ ሲቀመጥ ግን ቆዳው ሲለፋ የጠጣውን ጨውና አሲድ ከእርጥበት ጋራ ብረቱ ላይ አስተኝቶ ይይዘዋል። ቅቤና ጮማ መቀባትም እንዲሁ ነው፤ ሲቆይ ይቆመጥጣል፥ የቆመጠጠም ስብ አሲድ አለው። በነሐሱ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ነገር የዚያ ልጅ ነው።

እንግዲህ በእጁ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት ጥይት እንደሌለው ይመርምር። በአፈሙዝ ጫፍ የሚጎርሱት አሮጌዎቹ በተለይ እንደ ጎረሱ ተሰቅለው ይገኛሉ። ቀጭን ዘንግ እስከ መጨረሻው አስገብቶ ከጫፉ ትክክል ምልክት ማድረግ፥ ከዚያ አውጥቶ በውጭ በኩል ማስተያየት ነው፤ ዘንጉ እስከ አፈሙዙ ሥር ካልደረሰ ውስጡ አንድ ነገር አለ። እንዲህ ያለውን ለሚያውቅ ሰው መስጠት ይገባል። ጥይት እንደሌለው ከተረጋገጠ በኋላ፥ አንድ ነገር ሳይነካ በፊት፥ ብረቱን ከሁሉም ጎን ፎቶግራፍ ያንሣው፤ ማኅተሙም ላይ ስስ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ጎን ቀስ ብሎ ይሸበው።

ከዚያ ሕያዉን ዝገት ከሞተው መለየት ነው። ብርቱካንማ ሆኖ በጣት ሲነኩት ዱቄቱ የሚነሣው ሕያው ነው፤ ብረቱን እየበላ ነውና መቆም አለበት። ጥቁር ቡናማ ሆኖ ጠንክሮ የተጣበቀው ግን ሥራውን ጨርሷል፤ እርሱን መተው ነው። ሕያዉን ዝገት ስስ የማሽን ዘይት ወይም ላምባ ቀብቶ ማሳደር፥ በማግሥቱ በልስልስ ጨርቅ መጥረግ፥ አሁንም ማሳደር። ችኮላ የለበትም። እምቢ ያለውን ቅርፊት ከአረብ ብረት በሚለሰልስ ነገር፥ በእንጨት ወይም በመዳብ ቁራጭ፥ በዘይት እያራሱ ማንሣት ይቻላል። እንደ ፀጉር በቀጠነው የብረት ሽቦ ጥቅል ከዘይት ጋራ የሚሠሩም አሉ፤ እኛ ግን ከማኅተም አጠገብ እንዳይቀርብ እንመክራለን። በመጨረሻ ስስ ሰም ቀብቶ ማስቀመጥ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቤተ መዘክር ሊቃውንት ለዚሁ ሥራ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ፥ አሲድ የሌለበት ሰም አዘጋጅተዋል፤ ዛሬም በየቤተ መዘክሩ ይሠራበታል። ብረቱን ከሰም በኋላ በባዶ እጅ አለመያዝ፥ ከልባሱ አውጥቶ አየር በሚያገኝበት ደረቅ ቦታ ማኖር፥ ክረምት ሲወጣ አንድ ጊዜ ማየት። ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጠው ሥራ ብዙ ጊዜ ጉዳት ነው።

እንደ አዲስ አጥቁሬ እመልሰዋለሁ የሚል ባለሙያ ሲመጣስ? በዚህ ላይ ሊቃውንቱም አንድ ሐሳብ የላቸውም። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋው ዘዴ ብረቱን 140 ዲግሪ ያህል በሚፈላ ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት ውስጥ መንከር ነው፤ በግማሽ ሰዓት ያጠቁራል፤ ነገር ግን አንጸባራቂው ጥቁረት ለአሮጌው ጠመንጃ ባዕድ ነው፥ በቆርቆሮና በእርሳስ የተበየዱትን መንታ አፈሙዞችም ብየዳቸውን በልቶ ያለያያቸዋል። በጠርሙስ የሚሸጠው ቀዝቃዛ ማጥቆሪያ ደግሞ ላይ ላዩን ቀብቶ ቶሎ የሚለቅ ነው። የጥንቱ ባለ ሳምንት አሠራር ከሁሉ ይሻላል። በእኛ አስተያየት ዛሬም ለአደን የሚያገለግል ጠመንጃ ልብሱ ቢታደስ ነውር የለበትም፤ ቤት ጣራው ሲያፈስ አይከደንም አይባልምና። አድዋ ውሏል የሚባል ጠመንጃ ግን ሌላ ነው። እርሱ ምስክር ነው፤ ምስክርን ደግሞ ቃሉን አስተካክሎ ማቅረብ አይገባም።

ወደ ቤታችን ጠመንጃ እንመለስና እንጨርስ። ውጅግራ ነው። የቤተ ሰባችን ትልልቆች ስለ እርሱ ሁለት ነገር ይናገራሉ። አንደኛው አጎታችን፥ ቅድመ አያታችን ወደ አድዋ ሲዘምቱ ከጌታቸው እጅ የተቀበሉት ነው ይላሉ። ሁለተኛው ደግሞ፥ የለም፥ ከዘመቻው ተመልሰው ከብዙ ዓመት በኋላ በቅሎ ሸጠው የገዙት ነው ይላሉ። በዚህ ነገር ሠርግም ተዝካርም ላይ ሳይከራከሩ አይለያዩም። እኛም ይህን ጽሑፍ ካነበብነው መጻሕፍት ማጠናቀር ስንጀምር አንድ ቀን ጠመንጃውን አወረድነውና በማጉረሻው ግራ ጎን በእጅ መብራት ተመለከትነው። የቀረው ሁለት አኃዝ ነው፤ 74። ከፊቱ 18 ነበረ ወይስ 1866 የሚል አይታወቅም፤ ፊቱ ሁሉ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ከላይ የነበረው የፋብሪካው ስምም የለም።

በአፈሙዙ ሥር ግን አንድ ትንሽ ሞላላ ነገር እንደ ነበረ እናስታውሳለን። የምናስታውሰውም በዚያ ቀን አመዱ ውስጡ እየገባ ስላስቸገረን ነው። እንዲጠራ ብለን የብርጭቆ ወረቀቱን በጣታችን ጫፍ አጥብቀን የተጫንነው በዚያ ላይ ነበር። ሞላላው ላይ ዘውድ ነበረ ወይስ አልነበረም? ዘውድ ባይኖረው ኖሮ በሊዬዥ ያለፈው ከ1893 በፊት ነው ማለት ስለ ሆነ የመጀመሪያው አጎታችን ነገር ይጠነክር ነበር፤ ዘውድ ቢኖረው የሁለተኛው። ዓይናችንን ጨፍነን ብዙ ጊዜ ለማስታወስ ሞከርን፤ የሚታየን አመዱ ብቻ ነው።

ሁለቱም አጎቶቻችን በሕይወት አሉ፤ ክርክራቸውም አልበረደም። ያጠፋነውን ነግረናቸዋል። ታላቁ ዝም ብለው ጠመንጃውን አገላብጠው አዩና፥ «ታዲያ ያን ጊዜ የመረቅንህ እኛ አይደለንም?» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ እናወርደዋለን፤ በዘይት ጨርቅ እንጠርገዋለን፤ ሰም እንቀባዋለን። ያ የተፋቀው ግራ ጎን በነዚህ ዓመታት ውስጥ በራሱ ጊዜ ቀስ በቀስ ቡናማ እየሆነ መጥቷል። አንነካውም።